«ዕድሜ ነው» ሲሏችሁ፦ ለወላጆቻችሁ ተገቢውን መድኃኒት የማሳዘዝ መመሪያ

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ፣ እናቱን ወይ አባቱን ደግፎ ሕክምና የሄደ ሰው ይህችን መልስ ያውቃታል። «እንግዲህ ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረግ?» ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዕድሜ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ዕድሜ ነው። ሲያዞራቸው፣ ሲረሱ፣ ምግብ ሲዘጋቸው፣ ሁሉም ዕድሜ ነው። ከዚያ ወይ ምንም ሳይታዘዝላቸው ይመለሳሉ፣ ወይ ደግሞ ከስንት ዓመት በፊት የተጀመረው ኪኒን «ይቀጥሉ» ተብሎ በላዩ ላይ ሌላ ይጨመርበታል።

ሁለቱም አድልዎ ናቸው። አንዱ የሚገባቸውን ይነፍጋል፣ ሌላው የማይገባቸውን ይጭናል፤ በሁለቱም ግን ሰውየውን ቀና ብሎ ያየው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ለአዛውንቶች የተዛባ አመለካከት እንዳለው ገልጿል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ክፉ ሐኪም ጉዳይ አይደለም። እኛም በየቤታችን ያው ነን፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። እዚህ አንብባችሁ ምንም መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። በተለይ እንደ ፕሬድኒሶሎን፣ ዲያዜፓም፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ቆይተው በአንዴ ሲቆረጡ አደጋ አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐኪሙ ፊት ባዶ እጃችሁን እንዳትቀመጡ ነው።

መጀመሪያ አድልዎውን ከጥንቃቄው ለዩ

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ይለወጣል፣ ይሄ የሚካድ አይደለም። ኩላሊት ሥራው ይቀዘቅዛል፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል፣ በጎረምሳ ደም ውስጥ ቶሎ የሚወጣው ኪኒን በአዛውንት ውስጥ ሰንብቶ ይቆያል። ስለዚህ መጠኑን ቀንሶ የጀመረ ወይም አንዱን መድኃኒት «ለእሳቸው አይሆንም» ያለ ሐኪም ሁሉ አዳላ ማለት አይደለም። እንዲያውም ጎበዝ ሐኪም የሚያደርገው ይህንን ነው።

መለያው ምክንያቱ ነው። ጠይቁ። መልሱ «ኩላሊታቸው ደክሟል» ወይም «ሲነሱ ግፊታቸው ይወርዳል» ወይም «ከሚወስዱት ጋር ይጋጫል» ከሆነ ጥንቃቄ ነው። «በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርግላቸዋል?» ከሆነ ግን ጥያቄያችሁ አልተመለሰም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ድሮ ብዙ ሐኪሞች 80 ዓመት ያለፈውን ሰው የደም ግፊት ማከም ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ በአውሮፓ፣ በቻይና፣ በቱኒዚያና በሌሎችም አገሮች ዕድሜያቸው 80ና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎች የተሳተፉበት ሃይቬት የተባለ ጥናት ተካሄደ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። የግፊት መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ21 በመቶ፣ በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ነው የቆመው። ስለዚህ «ሰማንያ ካለፉ በኋላ ግፊት ምን ይታከማል» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ የሚናገረው የቆየ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ካርዱ ላይ ያለውን ዕድሜ አስተካክሉ

ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙው ጣጣ ከዚህ ይጀምራል። ካርድ ክፍል ላይ «ዕድሜ?» ሲባል እናት ፈገግ ይላሉ፣ ልጅ ይገምታል፣ ጸሐፊው ፊታቸውን አይቶ 85 ይጽፋል። ከዚያ ውስጥ ያለው ሐኪም ገና ሳያያቸው 85 ዓመት ያነባል። እውነቱ ግን 72 ሊሆን ይችላል፤ የገጠር ፀሐይና ሥራ ፊትን እንዴት እንደሚያደርገው እናውቃለን።

ልደታቸው ካልተመዘገበ ሁላችንም በምናውቀው ዘመን አስሉት። በጣሊያን ጊዜ ጡት ይጠቡ ነበር? እንግዲያው 85 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። በ66ቱ ረሃብ የመጀመሪያ ልጃቸው ዳዴ ይል ነበር? ያኔ 20 ገደማ ከነበሩ ዛሬ 72 አካባቢ ናቸው። በ77ስ ስንት ልጅ ነበራቸው? ቤት ተቀምጣችሁ ከታላላቆች ጋር አስሉትና የተስማማችሁበትን ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አስጽፉ። ዕድሜ የኩላሊትን አቅም ለማስላት ከሚገቡት ቁጥሮች አንዱ ስለሆነ ስህተቱ የመድኃኒቱ መጠን ድረስ ይዘልቃል።

ደረጃ 2፦ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ክተቱ

ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። የወጣውን ሁሉ ትሪ ላይ ዘርግፉ። ትራስ ሥር ያለውን፣ ከቁም ሣጥኑ፣ ከቦርሳው፣ ከመቀነት የተቋጠረውንም። እማማ «ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ ቫይታሚን ነው» ቢሉም አውጡት።

ወሎ ውስጥ ትሪው ላይ ምን እንደሚወጣ ልንገራችሁ። ስሙ የማይነበብ ጽሑፍ ያለበት የወረቀት ከረጢት፣ ከጤና ጣቢያ። ግማሹ የተበላ የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ቅጠል፣ ከሰፈር መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ። ጎረቤት «ለእኔ ተስማምቶኛል» ብላ ያካፈለቻቸው ሁለት ፍሬ። ጂዳ ወይም ሪያድ ካለችው ልጅ የተላከ፣ በዓረብኛ የተጻፈበት ካርቶን። ቀኑ ያለፈበት የዓይን ጠብታ። በጠርሙስ የተቀመጠ ጥቁር አዝሙድና ማር።

ከሳውዲ የመጣውን በተለይ ልብ በሉ። ኖርቫስክ የሚባለው ኪኒንና ከጤና ጣቢያ ለግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን አንድ ዓይነት መድኃኒት ናቸው። ቮልታረንና ዲክሎፌናክም እንዲሁ። ሰውየው «ሁለት የተለያየ ነገር» እየወሰዱ መስሏቸው ያንኑ መድኃኒት በእጥፍ ይወስዳሉ፣ ከዚያ እግራቸው ሲያብጥ ወይ ሲያዞራቸው «ዕድሜ ነው» ይባላሉ። ልጅቷ በፍቅር ነው የላከችው፤ ደውላችሁ ከመላኳ በፊት ስሙን በፎቶ እንድትልክላችሁ ብቻ ንገሯት።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ለምን እንደታዘዘ፣ መቼ እንደተጀመረ። በመጨረሻ ደግሞ ዋናው ጥያቄ፦ በእውነት እንዴት ነው የሚወስዱት? የተጻፈውን ሳይሆን የሚያደርጉትን። ብዙ አዛውንት «ሲያመኝ ነው የምወስደው» ወይም «እንዳያልቅብኝ ግማሽ ግማሽ አደርገዋለሁ» ይላሉ። ሳትቆጡ ጻፉት። ሐኪሙ ግፊታቸው አልወርድ ያለው ኪኒኑ ስላልሠራ ይሁን ስላልተወሰደ የሚያውቀው ከዚህች መስመር ብቻ ነው። የባህል መድኃኒት፣ ጫት፣ ጨው የገባበት ቡና፣ ሁሉም ይጻፍ። ጫትና ጨው ግፊት ላይ የሚያመጡት ነገር ስላለ ማፈር አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ የተለወጠውን ነገር ከነቀኑ ያዙ

«ደከሙ» አትበሉ። «ደከሙ» ካላችሁ «ዕድሜ ነው» የሚለውን መልስ ራሳችሁ አቀበላችሁ ማለት ነው።

እንዲህ በሉ፦ «እስከ ጥቅምት ድረስ ራሳቸው ገበያ ወጥተው ይመለሱ ነበር፤ ከኅዳር መጀመሪያ ወዲህ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ይደግፋቸዋል።» ወይም «ትናንትና ማታ ስሜን ጠሩ፣ ዛሬ ጠዋት አላወቁኝም።» እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። በሳምንትም አይመጣም። ድንገት የተዘባረቀ፣ ድንገት የወደቀ፣ ድንገት የተኛ አዛውንት ከጀርባው አንድ ነገር አለ፦ የሽንት ወይ የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የሽንት መዘጋት፣ የሰውነት ድርቀት፣ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። በተለይ የመጨረሻውን ፈትሹ። ችግሩ የጀመረበትን ቀን ከጻፋችሁት ገጽ ጋር አስተያዩ፤ አዲስ ኪኒን ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የመጣ ነገር ከሆነ አስምሩበት።

ደረጃ 4፦ ክፍሉ ውስጥ

ይህን ነገር ስንቴ አይተነዋል። እናትና ልጅ ይገባሉ። ሐኪሙ ወደ ልጁ ዞሮ «ምናቸውን ነው የሚያማቸው?» ይላል። ልጁ መመለስ ይጀምራል። እናት መሀል ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጠው ሁለቱን ያያሉ። አንዳንዷ ብቻ ናት «ልጄ፣ እኔን ጠይቀኝ፤ የሚያመው እኔን ነው» የምትል፣ እሷንም እግዜር ይስጣት።

ይህን መስበር ከእናንተ ይጀምራል። ወንበሩን ለእሳቸው ስጡ፣ እናንተ ጎን ቁሙ። ጥያቄው ወደ እናንተ ሲመጣ «እማማ፣ ንገሩት እስኪ» ብላችሁ መልሱላቸው። ጆሯቸው ከደከመ ሐኪሙን በትሕትና «ጠጋ ብለህ ቀስ ብለህ ብትነግራቸው ይሰሙሃል» በሉት። የረሱትን ብቻ ጨምሩ። ሐኪሙ አንቱታውን ትቶ «ማዘር፣ ዋጪው» ዓይነት ንግግር ከጀመረም እናንተ አንቱ እያላችሁ ቀጥሉ፤ ብዙውን ጊዜ አፍሮ ይስተካከላል።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ፣ ገጹን እጁ ላይ አድርጉለት። ወረፋ እንዳለ እናውቃለን፣ ሐኪሙም በቀን የሚያየው ሰው ብዛት ይታወቃል፤ ለዚህ ነው አንድ ገጽ ያልኩት። ከዚያ ከሚከተሉት የሚሆናችሁን ጠይቁ፦

«ይሄ ኪኒን ለየትኛው ሕመማቸው ነው?» ፌስታሉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ። መልስ ያልተገኘለት ኪኒን ለመቆም የመጀመሪያው ዕጩ ነው።

«የኩላሊት ምርመራ ተሠርቶላቸዋል?» ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ነው። የስኳሩ ሜትፎርሚን፣ የግፊቱ ኢናላፕሪል፣ የልቡ ዲጎክሲንና ሌሎችም መጠናቸው በዚህ ይወሰናል።

«ግፊታቸው ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ቆመውም ቢለካስ?» ቆመው 3 ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው ቁጥር በ20ና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሲነሱ ዓይናቸውን ጭልም የሚያደርጋቸውና የሚጥላቸው ነገር ተገኘ ማለት ነው።

«ምን ካየን ነው ቶሎ የምንመለሰው? መቼስ ነው የሚከለሰው?»

«ዕድሜ ነው» ከተባለ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለች። ድምፅ ሳትጨምሩ፣ ፈገግ ብላችሁ፦ «ዶክተር፣ 50 ዓመታቸው ቢሆን ኖሮ ምን ታዝላቸው ነበር?» ከዚያ ዝም በሉ። ወይ ትክክለኛው ምክንያት ይወጣል፣ ወይ ምርመራው ይታዘዛል። ሁለቱም ካልሆነ «እንግዲያው ምክንያቱን ካርዳቸው ላይ ጻፍልን» በሉ። ሰው የሚጽፈውን ነገር ሁለት ጊዜ ያስባል። እኛ ወሎዬዎች «አብሽር» ሲሉን ደስ ብሎን የምንወጣ ሰዎች ነን፤ «አብሽሩ» ብሎ የሸኘን ሁሉ ግን መርምሮናል ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ የሚነፈጉትን እወቁ

ግፊትን ከላይ ብያለሁ። ሕመም ሁለተኛው ነው። «ጉልበት ያረጃል» ተብለው ዓመታት የሚያቃስቱ ሰዎች አሉ። የፓራሲታሞል መጠን ተስተካክሎ በሰዓቱ ሲወሰድ ለብዙዎች ከዲክሎፌናክ ይልቅ ለጨጓራና ለኩላሊት የተሻለ ነው፤ በቀን ከ4 ግራም አይበልጥም፣ ለከሱና ለደከሙ አዛውንቶች ከዚያም ያንሳል፤ ልኩን አስነግሩ።

ድባቴ ሦስተኛው። ትዳር አጋሩን ወይም ልጁን ያጣ፣ በጦርነቱ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሽማግሌ ምግብ ሲዘጋውና ከሰው ሲርቅ «ሐዘን ነው፣ ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይታከማል። አማርኛው ሳይከብዳችሁ «ልባቸው ተሰብሯል፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያቸው» በሉ።

ሳልና ክብደት መቀነስ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የቲቢ ምርመራ ይጠየቅ፤ የሳንባ ነቀርሳ ዕድሜ አይመርጥም። ዓይን ደግሞ ሲደክም ሁሉ ሞራ አይደለም፤ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ከሆነ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረው እንዳይጠፋ ጠብታው በየቀኑ ይግባ።

ስኳር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ «ልክ እንደ ወጣቱ በደንብ ይውረድላቸው» ማለት ራሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ለደከመ አዛውንት ስኳሩ ትንሽ ከፍ ከማለቱ ይልቅ ድንገት መውረዱ ነው የሚያስፈራው። ግሊቤንክላማይድ የተባለው ኪኒን በሰውነት ውስጥ የሚቆይና ስኳርን ለረጅም ሰዓት የሚያወርድ ስለሆነ፣ ቢርስ በሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ እየታደሰ በመጣው የአዛውንቶች የጥንቃቄ ዝርዝር ውስጥ እንዲራቅ ከሚመከሩት አንዱ ነው። ወላጃችሁ ይህን የሚወስዱ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የሚጫንባቸውን እወቁ፣ መድኃኒት መድኃኒት ሲወልድ

ይህ የአድልዎው ድብቅ ፊት ነው። ማንም «አልሰጥም» አላለም፤ ሁሉም ጨመረ። ግን የወጣት እግር ቢያብጥ «ምን ጀመርክ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

በተለመደው መንገድ እንዲህ ይሄዳል። አባባ ለግፊት አምሎዲፒን ይጀመርላቸዋል። ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል፤ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ ነው። እብጠቱን ያየ ሌላ ባለሙያ የሽንት ኪኒን፣ ላሲክስን ይጨምራል። ሌሊት ሌሊት ሽንት ያስነሳቸዋል፣ ፖታሲየማቸው ይወርዳል፣ ሲነሱ ያዞራቸዋል። ለማዞሩ ሌላ ኪኒን። እንቅልፍ በማጣታቸው ዲያዜፓም። አንድ ሌሊት በጨለማ ይወድቃሉ፣ ዳሌያቸው ይሰበራል፤ «ዕድሜ ነው» ይባላል። መፍትሔው ግን የመጀመሪያዋን ኪኒን መጠን መቀነስ ወይም መለወጥ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር።

ሌላም አለ። የግፊት ኪኒኑ ኢናላፕሪል በአንዳንዱ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ለሳሉ ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ ኢናላፕሪሉ ግን ይቀጥላል። በሎሳርታን መለወጥ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ግፊቱ ሲጨምር የግፊት ኪኒኑ ይጨመራል። ከዚያም በላይ ኢናላፕሪልና የሽንት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ዲክሎፌናክ ሲታከልበት ሦስቱ ተባብረው ኩላሊትን ይጎዳሉ። «ለወገቤ አንዲት የዲክሎፌናክ መርፌ» የሚሉ ሁሉ ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ለጉንፋን የምንገዛው ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ለነርቭና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ እነዚህም በአዛውንት ላይ መዘባረቅን፣ የሆድ ድርቀትን፣ የሽንት መዘጋትን፣ መውደቅን ያመጣሉ። አንዳንዴ የግድ ያስፈልጋሉ፣ ያኔ ምክንያቱ ይነገራችሁ።

የምትሉት ዓረፍተ ነገር አጭር ናት፦ «ይሄ ነገር ከሚወስዱት መድኃኒት የመጣ ሊሆን ይችላል?» አዲስ ኪኒን ሊጻፍ እስክሪብቶው ሲነሳ በሉት።

ደረጃ 7፦ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት

እዚህ ቦታ ሁሉም ይቸኩላል። ከረጢቱ ላይ 1x2 ተጽፎ ይሰጣል፣ «ጠዋትና ማታ» ይባላል፣ ቀጣይ! እማማ ፊደል ካልቆጠሩ ያ ጽሑፍ ለእሳቸው ምንም አይደለም። ፋርማሲስቱን ለአንድ ደቂቃ አስቁሙትና እማማ ራሳቸው በቃላቸው መልሰው ይንገሩት፦ የትኛው፣ መቼ፣ ስንት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ። ከረጢቱ ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ አሥላችሁ ወይም ራሳችሁ ሥላችሁ ተመለሱ። ላሲክስ ላይ ፀሐይ ብቻ፤ ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ያስነሳቸዋል። ጠርሙሱ ጣታቸው ለታመመ ሰው የማይከፈት ከሆነ፣ ኪኒኑ ለመዋጥ የሚከብድ ከሆነ፣ እዚያው ተናገሩ፤ ሁሉም ኪኒን ግን አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ ጠይቁ። በትልልቅ ሆስፒታሎች ክሊኒካል ፋርማሲስት ካለ «መድኃኒታቸውን በሙሉ የሚከልስልን» ብላችሁ በስም ፈልጉት፤ ሥራው ይሄው ነው።

ገንዘቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ የእኛው ተሁለደሬ ነበረች፤ ስለዚህ ወሎ ይህን ነገር ከብዙዎች ቀድሞ ያውቀዋል። የወላጆቻችሁ መታወቂያ የታደሰ መሆኑን ከቀጠሮው በፊት እዩ። የመክፈል አቅም ለሌላቸው መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ፣ ረዳት የሌላቸው አዛውንት ጎረቤት ካሏችሁ ቀበሌው ሲመርጥ ስማቸውን አንሱ። መድኃኒቱ ከግቢው ከጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም እንዲመታበት ጠይቁ፤ ወረዳችሁ ወጪውን የሚመልስ ከሆነ ያለዚያ አይሆንም።

አሁን ወደ ቤታችን። ቅድም እመጣበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። የልጅ ልጅ ሲታመም ተበድረን ሙሉውን የምንገዛ ሰዎች፣ ለአባታችን ሲሆን «ለአሁን የአሥር ቀኑን ስጠኝ» እንላለን። «ውዱ ምን ያደርግላቸዋል» የምንለው እኛ ነን። «አባባ እሳቸው አይሰሙም፣ ለእኔ ንገረኝ» የምንለውም እኛ። አባትም ልጆቻቸውን ላለማስቸገር «ተሽሎኛል» ይላሉ። ሐኪሙ አዳላ ብላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት ደረሰኙን አንዴ እዩት።

ደረጃ 8፦ ጾምና ጉዞ

ማንም ሐኪም አይጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አይናገሩም። ረመዷን ሲገባ ኢንሱሊንና የስኳር ኪኒን ባዶ ሆድ ላይ፣ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የግፊትና የሽንት ኪኒን። ወይም ኪኒኑን ጭራሽ መተው። እስልምናም ሆነ ክርስትና ለታመመ ሰው ቦታ አላቸው፤ አባትን ለማሳመን ግን የልጅ ቃል አይበቃም። ሼሁን ወይም የንስሐ አባታቸውን ቤት ጋብዙ፣ ከቡናው ጋር ይንገሯቸው። «ጾሙን እጾማለሁ» ካሉም ክብራቸው ነው፤ ያኔ ከጾሙ ሳምንታት ቀድማችሁ ሐኪሙን ሰዓቱንና መጠኑን አስተካክሉ በሉት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ ከታየ ያኔውኑ ጾሙ ይፈታል፣ ስኳር ያለበት ነገር ይሰጣል።

ለግሸን ማርያምም ሆነ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ሲወጡ መድኃኒቱ ከስንቁ ጋር፣ ለሁለት ቀን ትርፍ ተጨምሮ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም ጸበሉና ኪኒኑ አይጣሉም፤ ይህንንም ካህኑ ሲናገሩት ነው የሚሰማው።

ደረጃ 9፦ አልሰማ ካሉ

መጀመሪያ ሌላ ባለሙያ እንዲያያቸው ጠይቁ። ከዚያ የክፍሉን ኃላፊ፣ ቀጥሎ የቅሬታ ሰሚ ክፍሉን ወይም ሜዲካል ዳይሬክተሩን። ከዚያ የወረዳው ወይም የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አለ፤ ጉዳዩ የመድኅን ከሆነ የመድኅን ክፍሉ። መድኃኒቱ ራሱ ካስጠረጠራችሁ ወይም ከባድ ጉዳት ካደረሰ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።

ሕጉም ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይላል፤ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2016 የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ፕሮቶኮል አጽድቋል። ይህን ክፍሉ ውስጥ እየጮሃችሁ አትጥቀሱት፤ የሚሠራው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱም አጭር ይሁን፦

«እናቴ በ___ ቀን በ___ ክፍል ታይተዋል። የመጡበት ችግር ___ ሲሆን የጀመረው ከ___ ወዲህ ነው። የተሰጠን መልስ ‹ዕድሜ ነው› የሚል ብቻ ነው፤ ሌላ የሕክምና ምክንያት አልተነገረንም። የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል። በሌላ ባለሙያ እንዲታዩ፣ መድኃኒቶቻቸው በሙሉ እንዲከለሱና ውሳኔው ከነምክንያቱ ካርዳቸው ላይ እንዲጻፍልን እንጠይቃለን።»

ስድብ የለበትም፣ የባለሙያው ስም የግድ አይደለም፣ ቀኑ ግን የግድ ነው። ሁለት ቅጂ አድርጉ፣ በእናንተው ቅጂ ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርሙ።

ደረጃ 10፦ ከዚያ በኋላ

ከሆስፒታል ተኝተው የወጡ ቀን ፌስታሉ እንደገና ይዘርገፍ። በመውጫው ወረቀት ላይ የሌለ አሮጌ ኪኒን ካለ «ይቀጥላል ወይስ ቆሟል?» ተብሎ ከግቢው ሳይወጣ ይጠየቅ፤ ብዙው መደራረብ የሚፈጠረው በዚህች ቀን ነው። ከዚያ ውጭ በዓመት ሁለቴ ይከለስ። ወላጆቻችሁ ገጠር ብቻቸውን ከሆኑ፣ ደላንታም ይሁን ወግዲ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የገጹን ቅጂ ትያዝ፤ አንድ ስልክ የያዘ የሰፈር ልጅም በየጊዜው ከረጢቶቹን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። አዲስ ከረጢት ፎቶው ላይ ካያችሁ በዚያው ቀን ደውሉ፣ ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ፣ ማን እንዳዘዘውና ለምን እንደሆነ ገጹ ላይ ጨምሩት።